ቀድሞ የሄደውን ተከትሎ ስለ መድረስ
የርቀት፥ የፍጥነትና የጊዜ ሒሳብ በአልጀብራ

ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተዘጋጀ ትምህርት

፩ የትምህርቱ ጥቅም

በአርሲ ደጋ የሚኖር ሰው መንገደኛ ነው። ገበሬው ገብሱንና ስንዴውን በአህያ ጭኖ ወደ አሰላ ገበያ ይወርዳል፤ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት፥ በሽተኛው ወደ ሐኪም ቤት፥ ባለጕዳዩም ወደ ዳኛ ይሄዳል። መንገድ ባለበት ሁሉ ደግሞ አንዱ ቀድሞ መነሣቱ፥ ሌላውም ዘግይቶ መከተሉ የማይቀር ነው። ቀድሞ የሄደው ሰው ዕቃ ረስቶ እንደ ሆነ፥ ወይም እርሱ ያልሰማው ወሬ ከኋላው ተሰምቶ እንደ ሆነ፥ በቤት የቀሩት ሰዎች «ፈረሰኛ ይላክን? ይደርስበታልን? የትስ ላይ ይደርስበታል?» እያሉ ይመክራሉ። ብዙ ጊዜ ይህ ምክር የሚፈጸመው በግምት ነው። ግምት አንዳንድ ጊዜ ይረዳል፤ የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ፈረሱን በከንቱ ያደክማል፥ የማይመለሰውንም ጊዜ ያጠፋል።

የሒሳብ ትምህርት ይህን ምክር ከግምት ወደ ዕውቀት ያደርሰዋል። ስለዚህ መምህሩ ይህን ክፍል ሲያስተምር ተማሪዎቹ ሥርዐቱን በቃላቸው ብቻ እንዲይዙ ሳይሆን፥ ምክንያቱን አውቀው ለቤታቸውና ለአገራቸው ምክር እንዲጠቀሙበት ማድረግ ይገባዋል።

፪ ርቀት፥ ፍጥነትና ጊዜ

በጕዞ ሒሳብ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። መጀመሪያው ርቀት ነው፤ ይህም መንገደኛው የሄደው የመንገድ ርዝመት ነው። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ይህም በመንገድ ላይ የቈየው ሰዓት ነው። ሦስተኛው ፍጥነት ነው፤ ይህም በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚሄደው የመንገድ መጠን ነው። ከሦስቱ ሁለቱ የታወቁ እንደ ሆነ ሦስተኛው ይገኛል።

ርቀት = ፍጥነት × ጊዜ
ጊዜ = ርቀት ÷ ፍጥነት
ፍጥነት = ርቀት ÷ ጊዜ

በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በ3 ሰዓት ውስጥ 4 × 3 = 12 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ያንኑ 12 ኪሎ ሜትር ፈረሰኛ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ቢጋልብ 12 ÷ 12 = 1 ሰዓት ይበቃዋል። እስከዚህ ያለው ለተማሪ ሁሉ ቀላል ነው። ችግሩ የሚጀምረው ሁለት ሰዎች በተለያየ ሰዓት ተነሥተው በተለያየ ፍጥነት ሲሄዱ ነው።

፫ መጀመሪያው ምሳሌ፤ ያለ አልጀብራ

አንድ ገበሬ እህል የጫኑ አህዮቹን እየነዳ ከጧቱ በ12 ሰዓት ወደ አሰላ ገበያ ተነሣ፤ ፍጥነቱም በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ በ2 ሰዓት ላይ አባቱ የገንዘብ ከረጢቱን ረስቶ መሄዱን አየና በፈረስ ተከተለው፤ የፈረሱ ፍጥነት በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ነው። ልጁ አባቱን በስንት ሰዓት ይደርስበታል?

ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ያለው ጊዜ 2 ሰዓት ነው። በዚህ ጊዜ አባትየው 4 × 2 = 8 ኪሎ ሜትር ቀድሟል። ልጁ መከተል ከጀመረ በኋላ በአንድ ሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ሲጋልብ አባትየው 4 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። እንግዲህ በመካከላቸው ያለው ርቀት በየሰዓቱ በ12 − 4 = 8 ኪሎ ሜትር ያጥራል። የሚያጥረው 8፥ በመካከል ያለውም 8 ስለ ሆነ፥ 8 ÷ 8 = 1 ሰዓት ይበቃል። ስለዚህ ልጁ በ3 ሰዓት ላይ ከቤታቸው 12 ኪሎ ሜትር በራቀ ቦታ አባቱን ይደርስበታል።

የዚህ ሒሳብ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ተከታዩ የሚያሸንፈው በፍጥነቱ ሁሉ አይደለም፤ ከቀዳሚው በሚበልጥበት መጠን ብቻ ነው። ይህን መጠን የፍጥነት ብልጫ ማለት ይቻላል። ቀዳሚው ያገኘው ርቀት በፍጥነት ብልጫ ሲካፈል ተከታዩ የሚፈጅበት ጊዜ ይገኛል። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ሲመጣጡ ፍጥነታቸው ይደመራል፤ በአንድ ወገን ሲሄዱ ግን ይቀነሳል። ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ስለ ሆነ፥ መምህሩ ሁለት ልጆች በሜዳ ላይ አቁሞ አንዱ አንዱን ሲከተል፥ ደግሞም እርስ በርሳቸው ሲገናኙ በዓይን ቢያሳያቸው የተሻለ ነው።

፬ በአልጀብራ

አልጀብራ የሚለው ስም ከዐረብኛ የመጣ ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ ይኖር የነበረው ሊቅ አል ኽዋሪዝሚ ከጻፈው መጽሐፍ አርእስት የተወሰደ ሲሆን፥ ትርጓሜውም የጐደለውን መመለስ ማለት ነው። የአልጀብራ ጥበብ በአጭሩ እንዲህ ነው፤ ያልታወቀውን ቍጥር እንደ ታወቀ አድርጎ ስም ይሰጡታል፤ ከዚያም የሚያውቁትን እውነት በዚያ ስም ይጽፉና ስሙ የተሸከመውን ቍጥር ይፈልጋሉ።

ከላይ ባለው ምሳሌ ያልታወቀው ልጁ የጋለበበት ጊዜ ነው። እርሱን «ሰ» እንበለው። አባትየው ከልጁ 2 ሰዓት ቀድሞ ስለ ተነሣ የሄደበት ጊዜ ሰ + 2 ነው። ስለዚህ፤

የአባትየው ርቀት = 4 × (ሰ + 2)
የልጁ ርቀት = 12 × ሰ

ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ቤት ነው፤ የተገናኙትም በአንድ ቦታ ነው። ስለዚህ ሲገናኙ የሄዱት ርቀት እኩል ነው። የዚህ ዓይነት ሒሳብ ሁሉ ቍልፉ ይህ አንድ ቃል ነው። እኩል መሆናቸው ሲጻፍ እኩልዮሽ ይባላል።

4 × (ሰ + 2) = 12 × ሰ

እኩልዮሽ እንደ ነጋዴ ሚዛን ነው። ከአንዱ ወገን የተነሣ ነገር ከሌላውም ወገን ካልተነሣ ሚዛኑ ያዘነብላል። ቅንፉ ሲፈታ በግራ በኩል 4ሰ + 8 ይሆናል።

4ሰ + 8 = 12ሰ
ከሁለቱም ወገን 4ሰ ሲነሣ፤ 8 = 8ሰ
ሁለቱም ወገን ለ8 ሲካፈል፤ ሰ = 1

በሁለተኛው መሥመር ላይ ያለው ግራ 8 ቀዳሚው ያገኘው ርቀት ነው፤ ቀኝ ያለው 8 ደግሞ የፍጥነት ብልጫ ነው። ያለ አልጀብራ የተገኘው ነገር እዚህም ራሱን ገልጦ ታየ። አልጀብራ ሌላ እውነት አያመጣም፤ ያንኑ እውነት ሥርዐት ባለው መንገድ ያወጣዋል እንጂ። ነገሩ ሲጠላለፍ ግን ልቡና የሚስተውን አልጀብራ አይስተውም።

መልሱ ከተገኘ በኋላ መመርመር ግዴታ ነው። አባትየው 3 ሰዓት ሄዶ 4 × 3 = 12 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ልጁ 1 ሰዓት ጋልቦ 12 × 1 = 12 ኪሎ ሜትር ሄዷል። ርቀቱ ስለ ተካከለ መልሱ እውነት ነው።

፭ ስለ አንድ የቆየ ጥያቄ

ከጌታ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረ ዜኖን የሚባል የግሪክ ፈላስፋ ፈጣኑ ሯጭ ኤሊን ሊደርስባት አይችልም ብሎ ተከራክሮ ነበር። ክርክሩ በእኛ ምሳሌ ሲነገር እንዲህ ይሆናል። ልጁ አባቱ የነበረበት ቦታ እስኪደርስ አባትየው ጥቂት ይርቃል፤ ልጁ ወደዚያም ሲደርስ አባትየው እንደ ገና ይርቃል፤ ይህም ስለማያልቅ ልጁ ከቶ አይደርስበትም ማለት ነው።

መልሱ በቍጥር ይታያል። ልጁ መጀመሪያውን 8 ኪሎ ሜትር በ40 ደቂቃ ይጨርሳል። ቀጥሎ አባቱ የጨመረውን በ13 ደቂቃ ከሲሶ፥ ከዚያም ቀጥሎ ያለውን ከ4 ደቂቃ ተኩል በማይበልጥ ጊዜ ይጨርሳል፤ እያንዳንዱም ጊዜ ከፊተኛው ሲሶ ነው። የእነዚህ ጊዜያት ቍጥር ባያልቅም ድምራቸው ከ60 ደቂቃ አያልፍም። ልክ በ60ኛው ደቂቃ ልጁ አባቱን ይይዘዋል። ጥያቄ የሚወዱ ተማሪዎች ያሉት መምህር ይህን ቢነግራቸው ልቡናቸውን ይከፍትላቸዋል።

፮ ሁለተኛው ምሳሌ፤ ለምክር የሚያበቃ ሒሳብ

ከበቆጂ እስከ አሰላ ያለው መንገድ 56 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አንዲት በሽተኛ ከጧቱ በ12 ሰዓት በፈረስ ጋሪ ተጭና ከበቆጂ ወደ አሰላ ሐኪም ቤት ሄደች እንበል፤ የጋሪው ፍጥነት በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ነው። በ3 ሰዓት ላይ ቤተ ሰቦቿ በመንገድ ላይ የምትውጠውን መድኃኒት ረስታ መሄዷን አዩ። በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ፈረሰኛ ቀርቧል። ሽማግሎቹ ይላኩትን?

ፈረሰኛው የሚጋልብበት ጊዜ ሰ ቢባል፥ ጋሪው የሚሄድበት ጊዜ ሰ + 3 ነው።

8 × (ሰ + 3) = 12 × ሰ
8ሰ + 24 = 12ሰ
24 = 4ሰ
ሰ = 6

ፈረሰኛው በ6 ሰዓት ጕዞ ይደርስባታል የሚል መልስ ተገኘ። እዚህ ላይ ቸኩሎ የሚያቆም ተማሪ «ይላክ» ብሎ ይፈርዳል። ነገር ግን ፈረሰኛው በ6 ሰዓት የሚጋልበው 12 × 6 = 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ግን 56 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ጋሪው 56 ÷ 8 = 7 ሰዓት ሄዶ በ7 ሰዓት ላይ አሰላ ገብቷል። ፈረሰኛው 56ቱን ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ስለሚፈጅበት ከ3 ሰዓት ተነሥቶ አሰላ የሚገባው በ7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ስለዚህ በመንገድ ላይ አይደርስባትም። እኩልዮሹ አልተሳሳተም፤ መንገዱ የሚያልቅበትን ቦታ ግን እኩልዮሹ አያውቅም። ያንን ማሰብ የሰው ፈንታ ነው።

በዚያው በ3 ሰዓት ወደ አሰላ የሚነሣ አውቶቡስ ቢገኝና መድኃኒቱ ለሹፌሩ ቢሰጥስ? የአውቶቡሱ ፍጥነት በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን፤

8 × (ሰ + 3) = 40 × ሰ
24 = 32ሰ
ሰ = ¾ ሰዓት፥ ማለት 45 ደቂቃ

ርቀቱ 40 × ¾ = 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጋሪውም በ3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ 8 × 3¾ = 30 ኪሎ ሜትር ሄዷል። 30 ከ56 ያንሳልና መድኃኒቱ ገና 26 ኪሎ ሜትር ሲቀር ከበሽተኛይቱ እጅ ይገባል። እንግዲህ የሽማግሎቹ ምክር ፈረሰኛውን ትቶ ወደ አውቶቡሱ መሄድ ነው።

ከዚሁ ከአንዱ ነገር ሁለት ሌሎች ጥያቄዎች ይወለዳሉ።

ሀ) አውቶቡስ የሌለ እንደ ሆነ ፈረሰኛው ቢያንስ በምን ፍጥነት ሊጋልብ ይገባዋል? ጋሪው አሰላ የሚገባው በ7 ሰዓት፥ ፈረሰኛው የሚነሣው በ3 ሰዓት ስለ ሆነ ለፈረሰኛው ያለው ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ፍጥነቱ «ፍ» ቢባል፤ 4 × ፍ = 56፤ ፍ = 14። ስለዚህ በሰዓት ከ14 ኪሎ ሜትር የበለጠ የሚጋልብ ፈረስ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው።

ለ) በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር የሚጋልበው ፈረሰኛ ቢዘገይ እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ሊዘገይ ይችል ነበር? የሚዘገይበት ጊዜ «ዘ» ቢባል፥ የእርሱ መንገድ 4⅔ ሰዓት፥ የጋሪው መንገድ 7 ሰዓት ስለ ሆነ፤ ዘ + 4⅔ = 7፤ ዘ = 2⅓ ሰዓት። ይህም 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነው። ቤተ ሰቡ መርሳቷን ከ2 ሰዓት ከ20 በፊት አይቶ ቢሆን ፈረሰኛው በበቃ ነበር።

በእነዚህ ጥያቄዎች ያልታወቀው ነገር አንድ ጊዜ ሰዓት፥ አንድ ጊዜ ፍጥነት፥ አንድ ጊዜም መዘግየት ነው። እውነቱ ግን አንድ ነው፤ ርቀቱ እኩል ነው።

፯ ስለ ሰዓትና ስለ ደቂቃ

በዚህ ትምህርት ተማሪዎች የሚወድቁባቸው ሁለት ጕድጓዶች አሉ። መጀመሪያው የ12 ሰዓት ነገር ነው። በአገራችን አቈጣጠር ከጧቱ 12 ሰዓት የቀኑ መጀመሪያ ስለ ሆነ፥ ከ12 እስከ 3 ሰዓት ያለው 3 ሰዓት ነው። 12 − 3 = 9 ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይታጣም። መምህሩ «12 ሰዓት ማለት ለቀኑ እንደ ባዶ ነው» ብሎ ያስረዳቸው።

ሁለተኛው ጕድጓድ ደቂቃን እንደ ዐሥረኛና እንደ መቶኛ መጻፍ ነው። ይህ ስሕተት ራሱን ስለሚሰውር ጥንቃቄ ያሻዋል። ለምሳሌ ትምህርት ቤታቸው ከቤታቸው 10 ኪሎ ሜትር የራቀ ሁለት ልጆች አሉ። እኅት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር እየሄደች ቀድማ ትነሣለች፤ ወንድም ከ20 ደቂቃ በኋላ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይከተላል። 20 ደቂቃ የሰዓት ሲሶ ነው።

6 × (ሰ + ⅓) = 10 × ሰ
2 = 4ሰ
ሰ = ½ ሰዓት፥ ማለት 30 ደቂቃ

ርቀቱ 10 × ½ = 5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ልክ በመንገዱ እኩሌታ ይገናኛሉ። አንድ ተማሪ ግን 20 ደቂቃን 0.20 ብሎ ቢጽፍ 1.2 = 4ሰ ይሆንና ሰ = 0.30 ያገኛል። ይህንንም «30 ደቂቃ» ብሎ ያነበበው እንደ ሆነ ጊዜው እውነተኛውን ይመስላል። ርቀቱን ሲያወጣ ግን 10 × 0.30 = 3 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ይህም ሐሰት ነው፤ በሰዓት 10 የሚሮጥ ልጅ በ30 ደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣልና። ስለዚህ መምህሩ ጊዜው ብቻ ሳይሆን ርቀቱም እንዲመረመር ያዝዝ።

፰ የአርሲ ሯጮች

የ10 ኪሎ ሜትሩ ምሳሌ በከንቱ የተመረጠ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. በአሰላ አቅራቢያ የተወለደው ኀይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ሮጦ ይሄድ፥ ያንኑም ያህል ሮጦ ይመለስ ነበር። ደብተሩን በግራ እጁ ይዞ ይሮጥ ስለ ነበር፥ በዓለም ሜዳ ላይ ከታወቀ በኋላም የግራ ክንዱ አያያዝ ያንን ያስታውስ ነበር። ከአሰላ በስተ ደቡብ ያለችው በቆጂም በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የወርቅ ሜዳልያ ያገኘችውን ደራርቱ ቱሉን፥ ከእርሷም በኋላ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች አገር ናት።

የ10,000 ሜትር ሩጫ የሚሮጠው ዙሪያው 400 ሜትር በሆነ ሜዳ ስለ ሆነ 25 ዙር ይሆናል። በዚህ ሩጫ ፈጣኑ ሯጭ ዘገምተኛውን ከኋላው መጥቶ አንድ ዙር ሙሉ ሊቀድመው ይችላል። አንዱ በሰከንድ 6 ሜትር፥ ሌላው በሰከንድ 5.6 ሜትር ቢሮጥ ይህ የሚሆነው በስንተኛው ዙር ነው? ሁለቱ አብረው ተነሥተዋል፤ ሆኖም ፈጣኑ 400 ሜትር ሊበልጠው ይገባል። ጊዜው በሰከንድ ሰ ቢባል፤

6ሰ = 5.6ሰ + 400
0.4ሰ = 400
ሰ = 1,000 ሰከንድ

ፈጣኑ 6,000 ሜትር፥ ማለት 15 ዙር ሮጧል፤ ሌላው 5,600 ሜትር፥ ማለት 14 ዙር ሮጧል። እዚህ ላይ ርቀቶቹ እኩል አይደሉም፤ በአንድ ዙር ይለያያሉ። ስለዚህ ተማሪው በደፈናው እኩል ነው ከማለት በፊት ነገሩን ማስተዋል ይገባዋል።

በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ በተደረገው የኦሊምፒክ ውድድር ኀይሌ በ10,000 ሜትር የኬንያውን ፖል ቴርጋትን ያሸነፈው በፍጻሜው መሥመር አጠገብ ደርሶበት ነው። የኀይሌ ጊዜ 27 ደቂቃ ከ18.20 ሰከንድ፥ የቴርጋት 27 ደቂቃ ከ18.29 ሰከንድ ነበር። ልዩነቱ 0.09 ሰከንድ ነው። የኀይሌ ጊዜ በሰከንድ ሲቈጠር 1,638.20 ስለ ሆነ መካከለኛ ፍጥነቱ 10,000 ÷ 1,638.20፥ በሰከንድ 6.1 ሜትር ያህል ነው። በዚህ ፍጥነት 0.09 ሰከንድ ማለት 55 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ከአንድ ክንድ ጥቂት የሚበልጥ ርቀት ነው። በፍጻሜው ሩጫው ስለሚበረታ እውነተኛው ርቀት ከዚህ ትንሽ ይበልጣል። ከ10,000 ሜትር በኋላ ወርቁን ከብሩ የለየው ይህ ነው።

ይህን ወደ ትምህርት ለመመለስ፤ ለፍጻሜ 100 ሜትር ሲቀር ቀዳሚው በሰከንድ 7.5 ሜትር እየሮጠ 2 ሜትር ቢቀድም፥ ተከታዩ በመሥመሩ ላይ እኩል ለመድረስ በምን ፍጥነት ሊሮጥ ይገባዋል? ቀዳሚው 100 ÷ 7.5 = 13⅓ ሰከንድ ይፈጅበታል። ተከታዩ በዚያው ጊዜ 102 ሜትር መሮጥ አለበት፤ ፍ × 13⅓ = 102፤ ፍ = 7.65። ብልጫው በሰከንድ 15 ሳንቲ ሜትር፥ ከአንድ ስንዝር ያነሰ ነው። ትንሽ ብልጫ ሳይቋረጥ ቢጸና ታላቁን ርቀት እንደሚያጠፋ ተማሪዎች ከዚህ ይማሩ።

፱ ፀሐይና ጨረቃ

ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሽማግሎች ይህን ትምህርት ለእኛ እንግዳ አይደለም ቢሉ እውነት አላቸው። ከምድር ሆኖ ሲታይ ፀሐይ በከዋክብት መካከል በቀን 0.99 ዲግሪ ያህል፥ ጨረቃ ደግሞ 13.18 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ ትሄዳለች። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ ሲገኙ ጨረቃ ትሠወራለች፤ ከዚያም ጨረቃ ቀድማ ትሄድና ዙሪያውን 360 ዲግሪ ዞራ ፀሐይን ከኋላዋ ትደርስባታለች። ይህም ከላይ እንደ ተነገረው የሜዳ ሩጫ ነው። ጊዜው በቀን ቀ ቢባል፤

13.18ቀ = 0.99ቀ + 360
12.19ቀ = 360
ቀ = 29.5 ቀን ያህል

ስለዚህ የጨረቃ ወር አንድ ጊዜ 30፥ አንድ ጊዜ 29 እየሆነ ይቈጠራል። ስድስት ጊዜ 30 እና ስድስት ጊዜ 29 ሲደመር 354 ቀን ይሆናል፤ ከፀሐይ ዓመት ከ365 ሲቀነስ 11 ይቀራል። የአበቅቴ መነሻ የሆነው 11 ይህ ነው። በቤተ ክህነት የተማረ አባት ባለበት መንደር መምህሩ እርሱን ወደ ትምህርት ቤት ጠርቶ ለልጆቹ እንዲነግራቸው ቢያደርግ፥ አዲሱና ጥንታዊው ትምህርት አንድ መሆኑን ያዩታል።

፲ ለመምህሩ የተሰጠ ምክር

ይህ ሒሳብ ፍጥነት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው ብሎ ይነሣል። በአርሲ ደጋ ግን ዐቀበትና ቍልቍለት፥ የክረምት ጭቃና የሞላ ወንዝ አለ። 10 ኪሎ ሜትር ዐቀበት በሰዓት 5፥ ሲመለስ ቍልቍለቱን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው መካከለኛ ፍጥነቱ 7½ አይደለም። ሲወጣ 2 ሰዓት፥ ሲወርድ 1 ሰዓት ስለሚፈጅበት 20 ኪሎ ሜትሩ በ3 ሰዓት ሲካፈል 6⅔ ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ለምክር ብርሃን ይሆናል እንጂ መንገዱን የሚያውቀውን ሰው ቃል አይሽረውም።

መምህሩ ተማሪዎቹን በዚህ ቅደም ተከተል ያስለምዳቸው። አንደኛ፥ ያልታወቀው ምንድር ነው ብለው ይጠይቁ፥ ስምም ይስጡት። ሁለተኛ፥ የእያንዳንዱን መንገደኛ ጊዜና ፍጥነት ለየብቻ ይጻፉ። ሦስተኛ፥ እኩል የሆነው ነገር ምን እንደ ሆነ በቃል ይናገሩ። አራተኛ፥ እኩልዮሹን ጽፈው ይፍቱ። አምስተኛ፥ መልሱን ይመርምሩ። ስድስተኛ፥ መልሱ በዚህ መንገድና በዚህ ቀን ሊሆን የሚችል መሆኑን ይፍረዱ። ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ያነሰበት ትምህርት ቤት በመሬት ላይ መሥመር አስምሮ በጠጠር ቢያስተምር ትምህርቱ አይጐድልም።

፲፩ መልመጃ

1) ሲራራ ነጋዴዎች ከጧቱ በ1 ሰዓት ተነሥተው በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ይሄዳሉ። ባለ በቅሎ በ2 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ይከተላቸዋል። በስንት ሰዓትና በስንተኛው ኪሎ ሜትር ይደርስባቸዋል?

2) ከአሰላ እስከ አዳማ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የጭነት መኪና በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሄደ፤ ከ1 ሰዓት በኋላ ትንሽ መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ተከተለው። አዳማ ሳይገባ ይደርስበታልን?

3) በ400 ሜትር ሜዳ አንዱ በሰከንድ 5፥ ሌላው 4.5 ሜትር ይሮጣሉ። ፈጣኑ ሌላውን አንድ ዙር የሚቀድመው ስንተኛውን ዙር ሲጨርስ ነው?

4) እግረኛ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቦታ ይሄዳል። በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚጋልብ ሰው ቢዘገይ እስከ ስንት ሰዓት ቢዘገይ ይደርስበታል?

5) እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ መንደር የሆነውን ወይም ሊሆን የሚችለውን ነገር ጠይቆ አንድ ጥያቄ ያዘጋጅ፤ ለወላጆቹም አንብቦ ያስረዳ።

መልስ፤ 1) በ4 ሰዓት ተኩል፥ በ14ኛው ኪሎ ሜትር። 2) ከ1 ሰዓት ተኩል በኋላ ልክ አዳማ በር ላይ፥ በ75ኛው ኪሎ ሜትር። 3) ከ800 ሰከንድ በኋላ 10ኛውን ዙር ሲጨርስ፤ ሌላው 9ኛውን ይጨርሳል። 4) እስከ 2 ሰዓት። 5ኛውን መምህሩ ይመርምረው፤ ከሁሉ የሚበልጠው መልመጃም እርሱ ነው፤ ጥያቄን መፍታት የሚችል ብዙ ነው፥ ከኑሮው ውስጥ ጥያቄን ማውጣት የሚችል ግን ትምህርቱ በእውነት የገባው ነው።